«ግልጽ ነው» ያለ ዳኛ ምክንያቱንም ይጻፍልን

ሐዋሳ ውስጥ በጥብቅና ሥራ ካጋጠሙኝ የውል ክርክሮች መካከል አንደኛው ወገን ቃሉን ለማጠፍ አስቦ የተነሣባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። በሚበዙት ጉዳዮች ከሳሽም ተከሳሽም የተስማሙትን ነገር በቅን ልቦና ያስታውሳሉ፤ የሚያስታውሱት ግን የተለያየ ነው፤ የፈረሙበት ወረቀት ደግሞ ከሁለቱም ትውስታ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። እንዲህ ያለው ጉዳይ ችሎት ሲቀርብ ዳኛው አስቀድሞ የሚመረምረው «ምን ተስማምታችሁ ነበር?» የሚለውን ሳይሆን «የውሉ ቃል ግልጽ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ነው። ክርክሩ የሚረታበትም የሚሸነፍበትም ቦታ ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ ነው፤ ሆኖም በብዙ ፍርዶች ላይ መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፎ አየዋለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ እርሱ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የመረጠው መንገድ ጥብቅ ነው። በቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይጸናል። የውሉ ቃል ግልጽ በሆነ ጊዜ ዳኞች ከቃሉ ርቀው «የተዋዋዮቹ ሐሳብ ይህ ነበር» እያሉ መተርጎም እንደማይችሉ ቁጥር 1733 ይደነግጋል። የሁለቱን የጋራ ሐሳብ ወደ መፈለግ የሚገባው ቃሉ አሻሚ ሲሆን ነው፤ ለዚያም ሲባል ከውሉ በፊትና በኋላ የነበራቸው አኳኋን ይመረመራል፤ ይህም በቁጥር 1734 ተቀምጧል። ቁጥር 1714 ዳኛው በትርጉም ስም ተዋዋዮቹ ያላሰቡትን ውል እንዳይሠራላቸው ይከለክላል፤ ቁጥር 1763 ደግሞ ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ለርትዕ፣ ማለትም ለሚዛናዊነት ሲባል ውልን መለወጥ አይቻልም ይላል።

የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ዳኛው በቃሉ ፊደል ላይ ከመቆም ይልቅ የተዋዋዮቹን የጋራ ሐሳብ እንዲፈልግ ነበር የሚያዝዘው። ግልጽ ቃልን የማክበር ግዴታ እዚያ የጠነከረው በፍርድ ነው፤ የፈረንሳይ ሰበር ፍርድ ቤት በ1872 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ግልጽና የማያሻማ የውል ቃልን የሥር ዳኞች እንዳያዛቡ ከለከለ። እኛ ዘንድ ይኸው ክልከላ ራሱን የቻለ የሕግ ቁጥር ሆኖ፣ የጋራ ሐሳብን ከመፈለጉ በፊት እንደ በር ተቀመጠ። የኢትዮጵያ ዳኛ ያንን በር ሳያልፍ ወደ ተዋዋዮቹ ሐሳብ ሊደርስ አይችልም።

በሩ መኖሩን እደግፋለሁ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል ሕዝብ ቃል የሚያስረውን ያህል የሚያስር ነገር እንደሌለ ያውቃል፤ ዳኛው በኋላ ተነሥቶ የሚያስተካክለው ውል ደግሞ አስቀድሞ አስቦና አንብቦ የፈረመውን ሰው ይጎዳል። የዚህን አቋም ክብደት የሚያሳይ፣ እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ጉዳይ ከወደ ዌልስ አለ። ጋወር በሚባል አካባቢ በሚገኝ የመዝናኛ መንደር ውስጥ ያሉ ትንንሽ ቤቶች ለ99 ዓመት ተከራይተው ነበር። የ25ቱ ቤቶች ውል የአገልግሎት ክፍያው በመጀመሪያው ዓመት 90 ፓውንድ ሆኖ በየዓመቱ 10 በመቶ እየጨመረ እንዲሄድ ይላል። ጭማሪው በጭማሪ ላይ የሚሰላ ስለሆነ በ2072 እ.ኤ.አ. የአንዲት ቤት የአንድ ዓመት ክፍያ ከ550,000 ፓውንድ በላይ ይሆናል። ነዋሪዎቹ ቁጥሩ ጣሪያን ብቻ የሚያመለክት፣ ከዚያ በታች ግን እንደ ወጪው መጠን የሚከፈል ተደርጎ እንዲተረጎምላቸው ተከራከሩ። የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. በ4 ለ1 ድምፅ አልተቀበላቸውም። ውሉ ሥራ ላይ መዋል በጀመረባቸው የ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዓመታት የእንግሊዝ የዋጋ ንረት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ ስለነበር ስምምነቱ ያኔ ሲታይ ምክንያት አልባ አልነበረም፤ በኋላ ነገሩ ስለከፋ ብቻ ደግሞ የቃሉ ትርጉም አይለወጥም አሉ ዳኞቹ። በሐሳብ የተለዩት ሎርድ ካርንዋዝ ናቸው።

ይህን ፍርድ ለሰው ስነግር ብዙዎች ይቆጣሉ፤ ቁጣቸውም ይገባኛል። እኛ አገር ቢሆን ግን ውጤቱ ከዚህ ይለያል ብዬ አላስብም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በቀድሞው ዋጋ ዕቃ ለማቅረብ ተዋውለው የነበሩ ነጋዴዎች «ፍርድ ቤቱ ዋጋውን ያስተካክልልን» እያሉ ቢሮዬ መጥተዋል። ቁጥር 1763ን አውጥቼ ከማንበብ የተሻለ መልስ አልነበረኝም። ዋጋው በቁጥር ተጽፏል፤ በሁለት መንገድ የሚነበብ ነገር የለውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰሚው ዳኛ ቃሉን ይዞ ቢቆም መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው።

ችግሬ የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው። የዌልሶቹ ውል በሕግ ባለሙያ፣ ለእነዚያ ቤቶች ተብሎ የተዘጋጀ ነበር። ከተማችን ውስጥ የሚጻፈው የኪራይና የሽያጭ ውል ግን በአብዛኛው የሚወለደው ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ከተቀመጠ የቆየ ውል ነው። ጸሐፊው ስሙን፣ ቀበሌውንና የብሩን መጠን ይለውጣል፤ የቀረው እንዳለ ይታተማል። «ውል ሰጪ» እና «ውል ተቀባይ» ማንም ሳያስገድዳቸው በሙሉ ፈቃዳቸው ይዋዋላሉ፤ እማኞችም «ሲዋዋሉና ሲፈራረሙ አይተናል፣ ሰምተናል» ብለው ይፈርማሉ። ከዚያ በላይ ባለው መስመር «ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪ ይህን ያህል፣ ለመንግሥት ይህን ያህል ገደብ ከፍሎ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 2005 እና 2266 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ይሆናል» የሚል ቃል አለ። ቁጥር 2266 ስለ ሽያጭ ውል ምንነት የሚናገር ነው፤ እኔ ግን በኪራይ ውልም በሥራ ውልም ላይ ተጠቅሶ አይቼዋለሁ። ገደቡን ከፍሎም ውሉ ይጸናል የሚለው ሐረግ ደግሞ ከቁጥር 1890 ጋር ይጋጫል፤ ገደቡ፣ ማለትም መቀጫው ለመዘግየት ወይም ለተጓዳኝ ግዴታ ካልተቀመጠ በቀር ባለመብቱ ወገን ውሉ እንዲፈጸምለትም መቀጫው እንዲከፈለውም በአንድነት መጠየቅ አይችልም።

እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ያለ አንድ መስመር ብቻውን ተነጥሎ ሲነበብ አማርኛው አያሻማ ይሆናል። «ግልጽ» የሚለውን መመዘኛ በመስመር ብቻ የሚለካ ዳኛ ግን የተዋዋዮቹን ሳይሆን ከዓመታት በፊት ለሌላ ሰው የተጻፈን ውል እያስፈጸመ ሊሆን ይችላል። እኔ የምለው ዳኛው ግልጽ ቃልን ይለፍ አይደለም፤ አንድ ቃል ግልጽ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ሰነዱ በሙሉ ከተነበበ፣ ነገሩም ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ «ግልጽ ነው» የሚለው ቃል የምርመራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ ሊሆን አይገባም ነው።

እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ የነበረ አንድ ሱቅ ይህን በደንብ ያሳያል። አከራይዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ተከራዩ ጭማቂና ቡና የሚሸጥ ወጣት፤ የቆምኩት ለተከራዩ ነበር። የውሉ አንቀጽ 4 «ውል ተቀባይ ውሉ ሲያበቃ ቤቱን በተረከበበት ይዞታ ያስረክባል» ይላል። አንቀጽ 8 ደግሞ «ውል ተቀባይ በቤቱ ላይ ያደረገው ማናቸውም እድሳትና ማሻሻያ ያለ ክፍያ ለውል ሰጪ ይቀራል» ይላል። ወጣቱ ወለሉን ሴራሚክ አንጥፏል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩን አሳድሷል፤ የአሉሚኒየም መከፋፈያ፣ ባንኮኒ፣ መደርደሪያና በጓሮ በኩል ሮቶ አስገብቷል። ውሉ ሲያበቃ ከወለሉና ከመስመሩ በቀር ሁሉንም ፈትቶ ወሰደ። አከራይዋ ከሰሱ። ጠበቃቸው አንቀጽ 8ን ይዞ «ቃሉ ግልጽ ነው፣ በቁጥር 1733 መሠረት ትርጉም አያስፈልገውም» አለ፤ እኔም አንቀጽ 4ን ይዤ ያንኑ ቁጥር መጥቀስ እችል ነበር። ሁለት የማያሻሙ መስመሮች ጎን ለጎን ቆመው ውሉን በአጠቃላይ አሻሚ አደረጉት።

ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። ቁጥር 1736 የውሉ ድንጋጌዎች አንዱ በሌላው እየታየ፣ ከውሉ ጠቅላላ ይዘት ጋር በሚስማማ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዝዛል፤ ቁጥር 1737 ደግሞ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ዋጋ ከሚያሳጣው ይልቅ ዋጋ በሚሰጠው መንገድ እንዲነበብ ይላል። አንቀጽ 8 ሁሉንም ነገር የሚያስቀር ከሆነ አንቀጽ 4 የሚሠራበት ቦታ አይኖረውም፤ አንቀጽ 4 ሁሉንም የሚያስነሣ ከሆነም አንቀጽ 8 ባዶ ይቀራል። ሁለቱም እንዲኖሩ በቤቱና ቤቱ ውስጥ በገባው ዕቃ መካከል መስመር ማስመር ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1132 ይረዳል፤ በልማድ የአንድ ነገር ክፍል ሆኖ የሚቆጠር፣ ወይም ሳይፈርስ ወይም ሳይበላሽ ሊነጠል የማይችል ነገር የዋናው ነገር አካል ነው።

ዳኛው ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት ቤቱ እንዲታይ አዝዘው ስለነበር በዕለቱ እኔም እዚያው ተገኝቼ ነበር። አከራይዋ ባንኮኒው የቆመበትን ባዶ ቦታ እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ ማሻሻያ ማለት ይሄ አይደለም እንዴ? ቤቴን የቤት ወግ ያስያዘው እሱ ነው» አሉኝ። «እውነት ነው እናቴ፣ ግን ከእሱ በፊት የነበረው ተከራይ ሲወጣ መደርደሪያውን ለማን ትቶት ሄደ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «እሱማ ጭኖ ወሰደው፤ እኔም ቤቱን አጽዳልኝ ብዬዋለሁ» አሉ። በዕድሜያቸው የማከብራቸው ከዚህ ጋር በሐቀኝነታቸውም ነው፤ ችሎት ተጠይቀው ይህንኑ ደገሙት። በርክክቡ ዕለት በእጅ የተጻፈችው ዝርዝርም ቀረበች፤ በር፣ መስኮት፣ አምፖል፣ የእጅ መታጠቢያ እንጂ መደርደሪያ የሚባል ነገር አልነበረባትም። ሮቶውን ያስገባው ወጣቱ መሆኑን ሁለቱም አመኑ። ዳኛው መከፋፈያው በግድግዳው ላይ በቡሎን የታሰረና ሲነሣ ግድግዳውን የሰባበረ በመሆኑ ለቤቱ ይቀራል፣ ባንኮኒውና መደርደሪያው ሮቶውም የነጋዴው ዕቃ ናቸው ብለው ፈረዱ። የመከፋፈያውን ዋጋ ደንበኛዬ ከፈለ። በከፊል የተሸነፍኩበት ፍርድ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዕቃ ለምን በዚያ ወገን እንደተመደበ ስለተጻፈበት ከማከብራቸው ፍርዶች አንዱ ሆኖ ቀርቷል።

በዚያ ክርክር የሌላው ወገን ጠበቃ ቁጥር 2005ን አንሥቶ ነበር። የጽሑፍ ሰነድ በፈረሙት ሰዎች መካከል በውስጡ ስላለው ስምምነትና ስለ ቀኑ ሙሉ ማስረጃ ነው፤ ስለዚህ የቀድሞውን ተከራይ ነገር ማንሣት አይቻልም የሚል ነው መከራከሪያው። ብዙ ባልደረቦቼ እንዲህ ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። የሰነዱን ቃል ለማስተባበል የሚቀርብ ማስረጃ ሌላ ነው፣ የሰነዱ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት የሚቀርብ ማስረጃ ሌላ። ሁለተኛውን ከከለከልን ከውሉ በፊትና በኋላ የነበረው አኳኋን ይታይ የሚለው ቁጥር 1734 በምን ይፈጸማል?

አኳኋን ምን ያህል እንደሚናገር ለማሳየት ከኪራይ ጭማሪ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። «ወርኃዊ ኪራዩ 10,000 ብር ሆኖ በየዓመቱ 10 በመቶ ይጨምራል» የሚል ውል እንውሰድ። ጭማሪው በመጀመሪያው ኪራይ ላይ ይሰላል ወይስ ባለፈው ዓመት ኪራይ ላይ? በሁለተኛው ዓመት ልዩነት የለም፤ በሁለቱም ስሌት 11,000 ብር ነው። በሦስተኛው ዓመት ግን አንዱ 12,000፣ ሌላው 12,100 ይሆናል። በስድስተኛው ዓመት 15,000 እና 16,105፣ በዐሥራ አንደኛው 20,000 እና 25,937 ይደርሳሉ። ክርክር የሚነሣው ልዩነቱ ሲሰፋ ስለሆነ ሰዎች ወደ ችሎት የሚመጡት በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ዓመት ነው። እኔ የምጠይቀው የሦስተኛውን ዓመት ደረሰኝ ነው። ማንም ጠበቃ ባላማከረበት፣ አንዱ ሌላውን ባልጠረጠረበት ጊዜ የተከፈለችው የ100 ብር ልዩነት ከማንኛውም ምስክር ቃል የበለጠ ታሳምነኛለች። ከክርክሩ በኋላ የተጻፈ ደብዳቤ ወይም የተከፈለ ሒሳብ ግን ለዚህ አይጠቅምም ባይ ነኝ፤ ያን ጊዜ ሁሉም የሚያደርገው ለችሎቱ ተብሎ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚከብደኝ የቀብድ ነገር ነው። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ትቶ፣ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ከውሉ መውጣት ይችላሉ። ባጃጅ የሸጠ ሰው 100,000 ብር ቀብድ ከተቀበለ በኋላ የተሻለ ገዢ ቢያገኝ 200,000 ብር መልሶ ነጻ ይሆናል ማለት ነው። ከዚያው ውል ግርጌ ግን ከኮምፒውተሩ የተቀዳው «ገደቡን ከፍሎም ውሉ የጸና ይሆናል» የሚለው መስመር ተቀምጧል። አንዱ መስመር በር ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል። ይህኛው «ሌላ ስምምነት» ነውን? ወይስ ማንም ሳያየው የገባ መስመር? ዳኛው ከሁለቱ አንዱን አንሥቶ ግልጽ ነው ቢል ሌላኛውን ያለምንም ምክንያት ሰረዘው ማለት ነው። እኔ የምመለከተው ለዚያ ውል ተብሎ በልክ የተጻፈው የትኛው እንደሆነ ነው፤ የቀብዱ መጠን፣ ቀሪው የሚከፈልበት ቀንና የርክክቡ ቦታ የተጻፉበት መስመር ተዋዋዮቹ ራሳቸው የተነጋገሩበት ነውና ከሁሉም ውል ላይ ከሚገኘው ቃል ሊቀድም ይገባዋል። ይህ በሕጉ በቃል የተጻፈ ደንብ አይደለም፤ ቁጥር 1732 ውል በቅን ልቦና፣ በተዋዋዮቹ መካከል ሊኖር በሚገባው መተማመንና በንግድ ልማድ መሠረት ይተርጎም ከሚለው የማወጣው ነው።

የባንክ ብድር ቅጽና የኢንሹራንስ ፖሊሲ በዚህ ረገድ ይቀላሉ። አንደኛው ወገን ብቻ ያዘጋጀው ቃል አጠራጣሪ ሲሆን ለሌላው ወገን እንዲተረጎም ቁጥር 1738 ስለሚያዝ ቢያንስ የጥርጣሬው ዕዳ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይታወቃል። ጽሕፈት ቤት የተዘጋጀውን ውል ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አላረቀቁትም።

ለዚህ ነው ውል እንዳዘጋጅ የሚጠይቁኝን ሰዎች መጀመሪያ ለየብቻ የማነጋግራቸው። በየወሩ ሲባል ጳጉሜን እንዴት ይቆጠራል? ጭማሪው በምን ላይ ይሰላል? ሲወጣ የሚነሣው ምን፣ የሚቀረው ምን ነው? ከመልሶቹ መካከል የማይገጥሙትን አንሥቼ አብረው ሲቀመጡ እመልስባቸዋለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ስምምነቱ እዚያው ይፈርሳል፤ ከዓመት በኋላ በችሎት ከሚፈርስ ይሻላል። መፈረም እንጂ ማንበብ ለማይችል ሰውም ቁጥር 1728ን አስታውሳለሁ፤ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ሥውር ሰው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የሚጻፈው ውል ቁጥር ጨምሯል፤ ከአንድ ኮምፒውተር የሚቀዳውም እንዲሁ።

ዳኞችን በተመለከተ የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 182 ፍርድ የተያዘውን ጭብጥ (ውሳኔ የሚሰጥበትን የክርክር ነጥብ)፣ የተሰጠበትን ውሳኔና የውሳኔውን ምክንያት እንዲይዝ ያዝዛል። «የውሉ ቃል ግልጽ በመሆኑ» የሚለው ሐረግ ውሳኔ እንጂ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ ካልተጻፈ ይግባኝ ሰሚው የሚመዝነው ነገር አያገኝም፤ ሰበር ሰሚ ችሎትም የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ስለሆነ ስሕተቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተፈጸመ ለማሳየት እንቸገራለን። ቢያንስ አምስት ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ እንደመሆኑ፣ ከሥር ምክንያት ሳይዝ የሚወጣ ፍርድ የሚጎዳው የአንድ ሱቅ ተከራይን ብቻ አይደለም።

እኔ በበኩሌ ጭብጥ በሚመሠረትበት ቀን የቃሉ ግልጽነት ራሱን የቻለ ጭብጥ ሆኖ እንዲያዝ አመለክታለሁ። ሲያዝ ሁለቱም ወገኖች ሰነዱን በሙሉ አንብበው፣ የርክክብ ዝርዝራቸውንና የየዓመቱን ደረሰኝ ይዘው ይመጣሉ፤ ዳኛውም የሚጽፉበት ነገር ያገኛሉ። አንዳንድ ዳኞች ማመልከቻውን «ይህ በዋናው ጭብጥ ውስጥ ይጠቃለላል» ብለው ያልፉታል፤ በሚቀጥለው መዝገብ ላይ ደግሜ አቀርበዋለሁ።